ካርቱም ላይ የወረደችው ልጅ

ባለፈው ሳምንት ከዓለም ገና ወደ ሰበታ በሚኒባስ ስመለስ ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ አንገቷ ወደ መስኮቱ ዘመም አለ። የፋብሪካ ሰማያዊ ጋዋኗን እንደለበሰች ስለነበር ሥራ ደክሟት እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ ነበር። መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ግን ጭንቅላቷ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ተንገዳገደና ያኔ ነገሩ ገባኝ። ከመቀመጫዬ መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም። ደረጃ ለመውጣት ጉልበቴን የምለማመጥ ሴትዮ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ቆሜ፣ ድምፄን ሞልቼ፣ «ክቡራን መንገደኞች፣ ከመካከላችሁ ሐኪም ወይም ነርስ ካለ እባካችሁ ራሳችሁን አሳውቁን!» አልኩ። ረዳቱ ከበሩ ዞር ብሎ፣ «ማዘር፣ ይሄ እኮ የሰበታ ታክሲ ነው። ሐኪም ከየት ይመጣል?» አለኝ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እጄ ግን አልሳቀም። የአንገት ልብሷን ፈታ፣ መስኮት አስከፍቶ፣ እግሯን ከፍ አድርጎ ሥራውን ቀጠለ።

ልጅቷ ዐይኗን ስትገልጥ «ምሳ በልተሻል?» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ አልበላችም። ከኋላ የተቀመጡ ሰውዬ ከፌስታላቸው ሙዝ አወጡላት፣ ሾፌሩ ለስላሳ አስገዛላት። ትንሽ ነፍስ ስትዘራ በደቡብ ሰው ቅላጼ፣ «እማማ፣ ነርስ ነዎት?» አለችኝ።

«አይ ልጄ፤ ሆስተስ ነበርኩ።»

«የአውሮፕላን?» አለ ረዳቱ፣ ከእግር ጫማዬ እስከ ሻሼ እያየኝ። አልፈረድኩበትም። መስተዋት ፊት ስቆም እኔም አንዳንዴ አላምንም።

በእኛ ጊዜ ሆስተስ መሆን ማለት ሰፈር ሙሉ የሚያወራው ነገር ነበር። እኔ የፉሪ ገበሬ ልጅ ነኝ። ቤታችን ከጎጆው እስከ ጓሮው ኦሮምኛና አማርኛ ተቀላቅሎ የሚነገርበት፣ አባቴ በሬውን በአንዱ ጠርቶ በሌላው የሚቆጣበት ቤት ነበር። ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ የአንገት ስካርፌን አስሬ፣ ታኮ ጫማዬን በፌስታል ይዤ በሸራ ጫማ ጭቃውን አቋርጬ ወደ አስፋልቱ ስወርድ ሴቶች ከየአጥሩ ብቅ እያሉ ይመርቁኝ ነበር። አስፋልቱ ላይ ስደርስ ሸራውን ከአንዲት ቆሎ ሻጭ ዘንድ አስቀምጬ ታኮዬን አደርጋለሁ። ያኔ ፉሪ ላይ ኮንዶሚኒየም የለ፣ ባጃጅ የለ። ጤፍና ባሕር ዛፍ ነበር። ወደ ከተማ የሚወስደን ውይይት የምንለው ከኋላው ትይዩ ወንበር ያለው መኪና ነው፤ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን፣ ዶሮ የያዘም ሽቶ የተቀባም አንድ ላይ፣ በጥቂት ሳንቲም። ሾፌሩ ካሴቱን ሲገለብጥ ሁላችንም ዝም ብለን የሚቀጥለውን ዘፈን እንጠብቃለን። ዛሬ ልጆቹ ሁሉ ጆሮአቸው ላይ ሰክተው እያንዳንዱ የራሱን ይሰማል። ያኔ አንድ ዘፈን ለሁላችን ይበቃ ነበር።

ሰው ሆስተስ ሲባል ትዝ የሚለው ምግብና ፈገግታ ነው። እኛ ግን ከሥልጠናው ትልቁን ክፍል ያሳለፍነው በሕመምና በአደጋ ነው። እጅና እግር የሌላት የጎማ አሻንጉሊት ነበረችን። ክንዳችን እስኪዝል ደረቷን ስንጫን አንደኛዋ ትቆጥራለች፣ ሌላዋ ትነፋለች። አስተማሪያችን የቀድሞ ነርስ፣ ቆፍጣና ሴት ነበሩ። «የታመመው ሰው መጀመሪያ የሚያየው መድኃኒቱን አይደለም፤ ፊታችሁን ነው» ይሉን ነበር። አንዷ ከታማሚው አትለይም፤ ሁለተኛዋ ኦክስጅንና የመድኃኒት ሣጥኑን ታመጣለች፤ ሦስተኛዋ ለካፒቴኑ ታስታውቃለች፣ ሐኪም ካለ ትጣራለች። አትሩጡ፣ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ይህንን በልባችን ይዘን በረርን። አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥመን የሚያጥወለውለው፣ የሚደነግጠው፣ ባዶ ሆዱን ተሳፍሮ የሚወድቀው ነው። ትኩስ ሻይ በስኳር፣ ትንሽ አየር፣ ትንሽ ጨዋታ፣ አለቀ። አንድ ቀን ግን በሻይ የማያልቅ ነገር ገጠመኝ።

ከሮም ተነሥተን፣ ካይሮ ላይ ሰው አውርደንና ጭነን ወደ አዲስ አበባ እየተመለስን ነበር። ቀኑ ብራ ነበር፤ ከታች በረሃው እንደ ተቆላ ገብስ ተንጣልሎ ይታያል። ምሳ አንሥተን፣ ጋሊ በምንለው የአውሮፕላኑ ጠባብ ኩሽና ውስጥ ቆመን፣ የቡድን መሪያችን እትዬ አልማዝ ከካይሮ ስለገዛችው ጫማ እያወራችን ሳለ የጥሪ መብራት በራ። ሄድኩ። የጠራችኝ መስኮት ዳር የተቀመጠች ቀጭን ልጅ ናት። ካይሮ ላይ ስትሳፈር አይቻታለሁ። ሰው ቤት ሠርታ የምትመለስ መሆኗ ያስታውቅ ነበር፤ አዲስ ጂንስ ለብሳለች፣ እጇ ግን የበረኪና እጅ ነው። ከእሷ ቀጥሎ ከሮም የተነሡ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ሱፍ ኮት፣ ውስጡ ሹራብ፣ ጭንቅላታቸው ላይ ባርኔጣ።

«እህቴ፣ እኚህ አባት አሟቸዋል፤ ዝም በይ ብለውኝ ነው እንጂ ከቅድም ጀምሮ ነው» አለችኝ።

ፊታቸው አመድ ለብሷል፣ ላባቸው ከባርኔጣው ሥር ይወርዳል። «አባቴ፣ የት ነው የሚያምዎ?» አልኳቸው።

«ደህና ነኝ። ደህና ነኝ። ሂጂ።» ግራ እጃቸው ግን ደረታቸው ላይ ተጨምድዶ ነበር። ተንበርክኬ በኦሮምኛ መልሼ ጠየቅኋቸው። ዐይናቸው ወደ እኔ ዞረ። አማርኛቸው ያን ጊዜ ጥሏቸው ሄደ። «ኦኔ ኮ» አሉ፤ ልቤን ማለታቸው ነው። «ኢንታላ ኮ፣ ኦኔ ኮ፤» ልጄ፣ ልቤን።

ኦቦ ቱሉ ይባላሉ፤ የሱሉልታ ሰው ናቸው፤ ላም አርቢ። ሮም የሚኖር የመጀመሪያ ልጃቸውን ሊያዩ ሄደው ከርመው መመለሳቸው ነው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ኦክስጅኑን አፍንጫቸው ላይ እያደረግኩ፣ ኮታቸውን እየፈታሁ፣ ወሬ አስይዤ ነው። ልጅቷን ከጎናቸው አስነሥተን ከኋላ አስቀመጥናት፤ ባርኔጣቸውንና ከዘራቸውን ታቅፋ ሄደች። እትዬ አልማዝ በድምፅ ማጉያው ሐኪም ጠራች። አንድ ግብጻዊ ጎልማሳ እጁን አወጣ። መጥቶ ከመንካቱ በፊት፣ «እኔ የዓይን ሐኪም ነኝ። ልብ ከተማርኩ ቆይቻለሁ። የምችለውን ሁሉ ግን አደርጋለሁ» አለን። ይህን ማለቱ አስወደደው። ደም ግፊታቸውን ለካ፣ አስፕሪን አስኘካቸው፣ ከሣጥኑ ከምላስ ሥር የሚደረግ ኪኒን ሰጣቸው። ትንሽ ቀለል አላቸው፤ ተመልሶ ግን ያዛቸው። ሐኪሙ እኔን ወደ ጎን ሳብ አድርጎ፣ «ልባቸው ነው። አሁኑኑ ሆስፒታል ይፈልጋሉ» አለኝ።

ካፒቴኑ ወጥቶ አያቸው። ወደ አዲስ አበባ ገና ሰዓት ተኩል ያህል ይቀረናል፤ ካርቱም ግን አፍንጫችን ሥር ነው። ሐኪሙን ጠየቀው። ሐኪሙ፣ «እስከ አዲስ አበባ ይቆያሉ ብዬ ኃላፊነት መውሰድ አልችልም» አለ። ካፒቴኑ ብዙ አላሰበም። «ካርቱም እንወርዳለን። ለሰውዬው ንገሪያቸው» አለኝና ተመለሰ።

ነገር ግን ኦቦ ቱሉ «ካርቱም» የሚለውን ስም ከእኛ ንግግር መሀል ለይተው ሰምተውታል። የወንበሩን ክንድ ያዙ። «ሰው አገር አታውርዱኝ» አሉኝ በኦሮምኛ። «ሞት ካልቀረ እዚሁ ልሙት፤ ፊቴ ወደ አገሬ ነው። እዚያ ብሞት ማን ያውቀኛል? በየትኛው አፍ ያለቅሱልኛል?»

እትዬ አልማዝ ከኋላዬ ቆማ ነበር፤ ቋንቋው ባይገባትም ሐሳባቸው ገብቷታል። ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ «አዲስ አበባ ልንደርስ ነው በያቸው። ይረጋጉ፤ አሁን የሚያስፈልጋቸው መረጋጋት ነው» አለችኝ። ለክፋት አልነበረም፤ እሷ ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ደግ ነበረች። እኔ ግን በሩ ሲከፈት የሚገባው ሙቀት ታየኝ። ዐይናቸውን ገልጠው የማያውቁት ሰው፣ የማያውቁት ቋንቋ፣ ያታለለቻቸው ልጅ ድምፅ። «አልችልም እትዬ። ሲያውቁት ያኔ ነው ልባቸው የሚቆመው» አልኳት። እጃቸውን ይዤ እውነቱን ነገርኳቸው። ካርቱም ነው የምንወርደው፣ ለልብዎ ሲባል ነው፣ ሐኪሞች መሬት ላይ ይጠብቁዎታል፣ ሲሻልዎ በእኛው አውሮፕላን ይመለሳሉ። ፊታቸውን ከእኔ አዙረው ወደ መስኮቱ አደረጉ። ከዚያ፣ «አንቺ አብረሽኝ ትወርጃለሽ?» አሉኝ።

እንዴት ብዬ ልውረድ? የበረራ ሠራተኛ ከአውሮፕላኑ አይለይም፤ እኔ ከጎደልኩ ያ ሁሉ መንገደኛም አይነሣም። «አልችልም አባቴ» አልኳቸው። «እንግዲያው አልወርድም» አሉና የወንበሩን ክንድ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ያ የታመመ እጅ ጉልበቱን ከየት እንዳመጣው አላውቅም። አውሮፕላኑ መዘቅዘቅ ጀምሯል። ሐኪሙ እጃቸው ላይ ዐይኑን ተክሎ፣ «እንዲህ መታገል የለባቸውም፤ በፍጹም» ይለኛል። ፊቴ እንዳይፈራ እየታገልኩ ነበር።

ያኔ ከኋላዬ አንድ ቀጭን ድምፅ በኦሮምኛ፣ «አባ ኮ፣ አነቱ ኢሲን ወጂን ቡኣ» አለ። አባቴ፣ እኔ አብሬዎ እወርዳለሁ ማለት ነው።

ዞር ብል ያቺ ልጅ ናት። ባርኔጣውንና ከዘራውን እንደታቀፈች መተላለፊያው ላይ ቆማለች። «ቡራዩ ነው ያደግሁት። ዓረብኛም እችላለሁ» አለችኝ በአማርኛ። «ለሐኪሞቹ የሚያማቸውን እነግርላቸዋለሁ።»

እትዬ አልማዝ ትከሻዋን ያዘቻት። «ልጄ፣ የምትዪው ገብቶሻል? ይህ አውሮፕላን አይጠብቅሽም።»

«ገብቶኛል።»

«ስንት ጊዜሽ ነው ከአገር ከወጣሽ?»

«አራት ዓመቴ።»

«ሻንጣሽስ?»

«ሻንጣው ይሂድ፤ እደርስበታለሁ። እናቴን ብቻ ንገሩልኝ። ከዛሬ ጠዋት ጀምራ አየር ማረፊያ ቆማለች። ረዥም ናት፤ አንገቷ ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት አለባት። እኔ ጫልቱ ነኝ።»

ኦቦ ቱሉ አዩአት። የማን ልጅ ነሽ አሏት። የአባቷን፣ የአያቷን ስም ቆጠረችላቸው። የአያቷን ስም ሲሰሙ እጃቸው ከወንበሩ ክንድ ላይ ቀስ ብሎ ተፈታ። ያውቋቸው እንደሆነ ወይም ለማወቅ ፈልገው እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም።

በሩ ሲከፈት የካርቱም ሙቀት እንደ ምድጃ አፍ ገባ። ቃሬዛ መጣ። ካፒቴኑ ራሱ ወርዶ የቢሯችንን ሰው አነጋገረ፤ ልጅቷ እንደ አስታማሚ እንድትገባ ተፈቀደላት። ሲያወርዷቸው ኦቦ ቱሉ ዐይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ እሷ ግን እጃቸውን ይዛ ጎን ለጎን ትራመዳለች፣ በሌላው እጇ ባርኔጣውን ከዘራው ጫፍ ላይ ሰክታ። አንድም ጊዜ ዞራ አላየችንም። በሩን ዘግተን ስንነሣ ሁለቱ ወንበሮች ባዶ ነበሩ።

የኦቦ ቱሉን ዘመዶች የቢሮ ሰዎች አግኝተው ነገሯቸው። የጫልቱን እናት ግን ለማንም አልተውኩም፤ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር ወጣሁ። ያን ጊዜ ከአየር ማረፊያው በር ውጭ ሰው በብረት አጥር ላይ ተደራርቦ ነበር የሚጠብቀው። ረዥሟን ሴት ከነንቅሳቷ አገኘኋት፤ አጥሩን በሁለት እጅዋ ይዛለች። የጫልቱን ስም ጠርቼ የልጅዎ መልእክት አለኝ ስላት መናገር እንኳ አላስጨረሰችኝም።

«ሞታለች?»

«ኧረ በፍጹም! ደህና ናት። የታመሙ ሽማግሌ ልታስታምም ካርቱም ወረደች።»

«ሞታለች በይኝ። እውነቱን ንገሪኝ። የሰው ሽማግሌ ምንዋ ነው?» ያን ጊዜ ከዓረብ አገር በሣጥን የሚመጡ ልጆች ነበሩና አልፈረድኩባትም። የዩኒፎርሜን እጀታ ይዛ አልለቅሽም አለችኝ። ስለዚህ የጫልቱን ሻንጣ አስወጥቼ አብሬያት ቡራዩ ሄድኩ።

የዛሬውን ቡራዩ ያየ ያንን አያውቀውም። ከኬላው አለፍ ብሎ መንገዱ ዳር የድንጋይ ፈላጮች መዶሻ ድምፅ፣ ከዚያ ጭቃ፣ ከዚያ የቆርቆሮ ቤቶች። ቤታቸው ስንደርስ ጎረቤት ሁሉ ለልጅቷ አቀባበል ተዘጋጅቶ ነበር፤ ዶሮው ተሠርቷል፣ ግቢው ቄጠማ ተጎዝጉዟል። እናቷ ያለ ልጅዋ፣ ዩኒፎርም ከለበሰች ሴት ጋር ስትገባ አንዷ እሪ አለች። ሌሎቹ ተከተሉ። ሻንጣው መሀል ቤት ተቀምጦ፣ የማታውቀኝ ሴት ሁሉ ደረቷን እየደቃች፣ እኔ መሀል ቆሜ «አልሞተችም! በማርያም፣ አልሞተችም!» ስል የዚያን ቀን ያልፈራሁትን ፍርሃት ሁሉ ፈራሁ። ምናልባት እኔ ከሄድኩ በኋላ አንድ ነገር ደርሶባት ቢሆንስ? ምን አውቄ ነው የምምለው?

መንደሩ ውስጥ ስልክ ያለው አንድ ባለሱቅ ብቻ ነበር። ቁጥሩን ጫልቱ በልቧ ታውቀዋለች አሉ። የሱቁ ደጃፍ ላይ፣ የዘይት ጀሪካንና የሳሙና ካርቶን መሀል፣ ከእናቲቱ ጋር ተቀምጠን ጠበቅን። ባለሱቁ ሬዲዮኑን ዘጋ። ዕቃ ሊገዛ የመጣው ሁሉ ገዝቶ አይሄድም፤ እየቆመ ሰው ሞላ። ፀሐይ ወደ መናገሻ በኩል ልትጠልቅ ስትል ስልኩ ጮኸ። ባለሱቁ መነጋገሪያውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ «ጫልቱ ነሽ?» አለ፤ ከዚያ ምንም ሳይጨምር ለእናቲቱ ዘረጋላት። እናቲቱ ሰማች። እየሰማች፣ እንባዋ ንቅሳቷ ላይ እየወረደ፣ በመጨረሻ፣ «ምሳ በልተሻል?» ብቻ አለቻት። ሱቁ ሁሉ ሳቀ፣ አለቀሰ።

ሁለት ሳምንት አለፍ ብሎ አብረው መጡ። እኔ በረራ ላይ ስለነበርኩ አልተቀበልኳቸውም፤ ግን ለምስጋናው ድግስ ሱሉልታ ተጠራን፤ እትዬ አልማዝም፣ ጫልቱም፣ እናቷም። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። እንጦጦን ተሻግረን ስንወርድ ሜዳው ውኃ አዝሎ ያብረቀርቃል፣ የአደይ አበባው በየቦዩ ዳር ብቅ ብሏል፣ ድርቆሹ እየታጨደ ነው። ዛሬ ያ ሜዳ አጥርና መጋዘን ሆኗል። ኦቦ ቱሉ በዚያው ባርኔጣ በር ላይ ወጥተው ተቀበሉን። እንደ ልጃቸው አቅፈው ሳሙኝና እርጎውን በትልቅ ጣሳ ሰጡኝ። «ካርቱም እንዴት ነበር አባቴ?» አልኳቸው።

«ሙቀቱን ተዪው። ሰዎቹ ግን ደጎች ናቸው» አሉ። «እዚያ ብሞት በየትኛው አፍ ያለቅሱልኛል ብዬሽ ነበር አይደል? ስወጣ ነርሶቹ አልቅሰው ሸኙኝ። ኢንታላ ኮ፣ ለቅሶ ቋንቋ የለውም ለካ።» ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። በየበዓሉ ወደ ቡራዩ ቅቤ ይልኩ ነበር። ሲሞቱም ጫልቱ እንደ ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጣ ሐዘን ተቀበለች። እሷ አሁን ሦስት ልጆች አሏት፤ ቡራዩ ላይ የልብስ ስፌት ቤት ከፍታለች፤ የምለብሰውን ሁሉ የምትሰፋልኝ እሷ ናት።

ከዚያ ድግስ ስንመለስ በአንድ አሮጌ ላንድሮቨር ተጭነን እንጦጦን እየወጣን ነበር። እናቷ እርጎውና ጠላው አንድ ላይ ሆኖባት አንቀላፍታለች። እኔ ከአውሮፕላኑ ጀምሮ በሆዴ የያዝኩትን ጥያቄ ያን ጊዜ አወጣሁት። «ጫልቱ፣ ለምን ነው የወረድሽው? እናትሽ አጥር ይዛ ቆማ፣ አራት ዓመት ሙሉ ያችን ቀን ጠብቀሽ፣ ለማታውቂያቸው ሰው?»

መስኮቱን ትንሽ ከፍታ የባሕር ዛፉን አየር አስገባች።

«እኔ እንጃ እህቴ» አለች። «አራት ዓመት ተነሺ ስባል ተነሥቻለሁ፣ ውረጂ ስባል ወርጃለሁ፣ ከዚህ አትውጪ ስባል አልወጣሁም። ያን ቀን ግን ማንም አላዘዘኝም። እናንተ ስትጨነቁ ከኋላ ሆኜ አየኋችሁና ተነሣሁ። በራሴ ፈቃድ የተነሣሁት የመጀመሪያ ቀን ነበር።»

ከዚያ ጭንቅላቷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ እሷም ተኛች።